መዋጮው ደብዳቤ ነበር፦ የኒው ዮርክ ገጠር ልጆች ስለ ነፍሳት የጻፉበት ዘመን

ከ1891 እስከ 1893 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ የድኻ መርጃ ማኅበራት ደጃፍ ላይ ከዚያ ቀደም ያልተለመደ ሰው መታየት ጀመረ። ከመርከብ የወረደ ስደተኛ አልነበረም፤ ከፋብሪካ የተሰናበተ ሠራተኛም አልነበረም። ከዚያው ክፍለ ግዛት ገጠር ማሳውን ጥሎ የመጣ ገበሬ ነበር። የማኅበራቱ መሪዎች ግራ ተጋብተው፣ የኒው ዮርክ መሬት የገዛ ሕዝቡን መመገብ ያቃተው ምን ሆኖ ነው ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ጉባኤ አስጠራ፤ ጉባኤውም ኮሚቴ ወለደ። ኮሚቴው ከደረሰባቸው መልሶች መካከል ለዛሬ አንባቢ እጅግ እንግዳ የሚመስለው አንዱ ነው፦ የገጠር ልጆች አባጨጓሬን፣ ጉንዳንንና ንብን ቀርበው እንዲያዩ ማድረግ። ያዩትንም እንዲጽፉ።

የችግሩ ሥር ግን በልጆች ልብ ውስጥ አልነበረም። የባቡር ሐዲዱ የመካከለኛውን ምዕራብ ሰፊና ለም ሜዳ ከምሥራቁ ገበያ ጋር ካገናኘው ወዲህ፣ ድንጋያማውና ኮረብታማው የኒው ዮርክ ማሳ ከማይችለው ተወዳዳሪ ጋር ተፋጥጦ ነበር። በ1881 አንድ ቡሼል ስንዴ፣ ማለትም 27 ኪሎ ግድም፣ ለአሜሪካ ገበሬ ከአንድ ዶላር በላይ ያስገኝለት ነበር፤ በ1894 ዋጋው ወደ 50 ሳንቲም ግድም ወርዷል። በመካከሉ የ1893ቱ የባንኮች ድንጋጤ ደረሰ። የክፍለ ግዛቱ የእርሻ መሬት ስፋትም ከ1880 ቆጠራ በኋላ እየጠበበ ሄደ። ነገሩ በአንጻራዊ ዋጋ የሚገለጽ ተራ የገበያ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ተራ የገበያ ታሪክ ለሚኖርበት ሰው ተራ ሆኖ አይታየውም። ከከተማው ከበርቴ እስከ ገጠሩ ሰባኪ ድረስ ሁሉም የሥነ ምግባር ምክንያት ይፈልግ ጀመር፤ በብዙዎች አፍ የተደጋገመውም ወጣቱ መሬቱን አይወድም የሚለው ነበር።

የኮሚቴው አባላት ስም ዝርዝር ራሱ ብዙ ይናገራል። ሊቀ መንበሩ የቀድሞው የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ ኤብራም ሂዊት ነበሩ፤ ከአባላቱ መካከል ታላቁ የባንክ ሰው ጃኮብ ሺፍ ይገኙበታል። ከገንዘብና ከበጎ አድራጎት ሰዎች መካከል ግን ከኢታካ ከተማ የመጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ። ባለቤታቸው ጆን ሄንሪ ኮምስቶክ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ጥናት መምህር ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸውም የነፍሳትን ሥዕል በእንጨት ላይ የሚቀርጹ የተዋጣላቸው ባለሙያ ነበሩ። የቢራቢሮን ክንፍ ሥር በሥር ቀርጾ ለማውጣት ምን ያህል መመልከት እንደሚያስፈልግ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ጉባኤ አልነበረም።

በኮሚቴው ፊት ሐሳቡን ያቀረቡት የገበሬዎችን ትምህርት ሲመሩ የቆዩት ጆርጅ ፓወል ናቸው። ወደ እርሻ የሚያደርሰው የመጀመሪያው ደረጃ የተፈጥሮ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ከልጆቹ እንጀምር አሉ። ሙከራው በዌስትቼስተር ካውንቲ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተጀመረ፤ በኋላም በክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ገንዘብ ወደ ኮርኔል ተዛወረ። ምክር ቤቱ በ1894 ለዩኒቨርሲቲው የገጠር ሥራ የፈቀደው የመጀመሪያ በጀት 8,000 ዶላር ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድምሩ በብዙ እጥፍ አደገ። የተፈጥሮ ትምህርቱም ከዚሁ ቋት ይቀዳ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ክርክሩ በኢኮኖሚ ሚዛን ሲመዘን ደካማ ነበር። ልጅ የንብን ሕይወት ስላወቀ የስንዴ ዋጋ አይወደድም፤ የባቡር ማጓጓዣ ታሪፍም አይለወጥም። ይሁን እንጂ የመንግሥት በጀት የሚፈቀደው በእውነተኛው ምክንያት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ መልካም ነገር ሳይጀመር በቀረ ነበር። ለሕግ አውጪዎቹ የቀረበላቸው የፍልሰት መድኃኒት ነው፤ በገንዘቡ የተሠራው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

አጎት ጆን

ሥራውን በበላይነት የመሩት የአትክልት ሳይንስ ሊቁ ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ ነበሩ። ለመምህራን የሚላኩ አጫጭር በራሪ ጽሑፎች ይታተሙ ጀመር፤ የመጀመሪያውን ቤይሊ ራሳቸው ጻፉት፤ የዱባ ቡቃያ ከዘሩ ቅርፊት እንዴት እንደሚወጣ የሚተርክ ነበር። ከዚያ የነፍሳቱ ተከተሉ። ነገር ግን ጽሑፍ መላክ ብቻውን ሥራ አልነበረም፤ የገጠር መምህርት በየቀኑ ከምታስተምረው ሸክም ላይ አንድ ወረቀት መጨመር ነው። ነገሩን የለወጡት ከሻቶኳ ካውንቲ የመጡ የፍራፍሬ ገበሬ ጆን ስፔንሰር ናቸው።

ስፔንሰር የታዳጊ ተፈጥሮ ተመልካቾች ክበብ የሚል ሥርዓት አቋቋሙ። በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች ተሰብስበው ክበብ ይመሠርታሉ፤ ስም ያወጣሉ፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ይመርጣሉ። ኮርኔል የክበቡን የምስክር ወረቀት፣ ለአባላቱም በደረት ላይ የሚደረግ ምልክት ይልካል። ትምህርቱም በየወሩ በፖስታ ይደርሳቸዋል። ማኅበር ሆኖ መዋጮ የሌለው የለምና ይህም መዋጮ ነበረው፤ ግን በሳንቲም አይከፈልም። እያንዳንዱ አባል በገዛ ዓይኑ ስላየው ነገር አንድ ደብዳቤ ወይም አጭር ድርሰት ይጽፋል። መዋጮው ያ ነበር። ደብዳቤው የሚላከው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለ«አጎት ጆን» ነው፤ ስፔንሰር በክፍለ ግዛቱ ልጆች ዘንድ የሚታወቁት በዚህ ስም ነበር።

በዝምድና ስም መጠራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጅ ለመሥሪያ ቤት አይጽፍም፤ ለአጎቱ ግን ይጽፋል። ደብዳቤዎቹም በገፍ መጡ። በክበቦቹ የታቀፉት ልጆች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ አንዲት መምህርት ብቻ ካለችበት የኮረብታ ትምህርት ቤት ጀምሮ እስከ ከተማው ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ድረስ።

የዚህን አሠራር ብልኃት ለመረዳት በተለመደው የክበብ መዋጮና በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይበቃል። የተለመደው መዋጮ የአገልግሎቱን ወጪ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ የሚጨምረው የለም። ደብዳቤው ግን ክፍያም ምርትም ነው። ልጁ ሊከፍል ሲል መጀመሪያ ማየት አለበት፤ ያየውን ሊጽፍ ሲልም ያላስተዋለውን ያገኘዋል፤ እግሩ ስድስት ነበር ወይስ ስምንት? ተመልሶ ሄዶ ይቆጥራል። ድኻው ልጅ ከሀብታሙ እኩል መክፈል ይችላል፤ ምክንያቱም አባጨጓሬ በሁሉም ጓሮ አለ። የፖስታ ቴምብር በዚያን ዘመን ሁለት ሳንቲም ነበር።

እውነተኛው ወጪ ሌላ ቦታ ነበር፤ በማንበቡ ላይ። ወረቀቱ፣ ቴምብሩና ማተሚያው ርካሽ ናቸው። ውዱ ያን ሁሉ ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ አዋቂ ሰው ሰዓት ነው። ኮርኔል ለዚህ ሠራተኞች መደበ፤ ከስፔንሰር ጎን አሊስ ማክሎስኪን የመሰሉ ሴቶች በዚህ ሥራ ዓመታት አሳለፉ። የትምህርት በጀት ሲዘጋጅ የመጻፊያው ወጪ ይታያል፤ የአንባቢው ወጪ ግን አይታይም። ልጆችን ጻፉ ብሎ የሚያዝዝ ሥርዓተ ትምህርት በየአገሩ ሞልቷል፤ የጻፉትን የሚጠብቅ ሰው ያዘጋጀ ግን ጥቂት ነው።

የአጻጻፉን ሥርዓት በተመለከተ የጠራውን አቋም ያሰፈሩት ኮምስቶክ ናቸው። በ1911 ባሳተሙት፣ ከ900 ገጽ በላይ በሆነው የተፈጥሮ ትምህርት መመሪያ መጽሐፋቸው፣ የልጁ የማስታወሻ ደብተር የልጁ የራሱ ንብረት ነው ይላሉ። በፈተና ስሜት የሚታይና በእርማት የሚሞላ ከሆነ ነፍሱ ይወጣል። የፊደል ግድፈት ጊዜውን ጠብቆ ይስተካከላል፤ የጠፋ ጉጉት ግን አይመለስም። ለመምህርቷም እንዲሁ መጽናኛ አላቸው፦ የማታውቂውን ስትጠየቂ አላውቅም በዪ፤ ከልጁ ጋር አብረሽ ፈልጊ። ይህ ምክር ለዘመኑ የገጠር መምህርት ከበጀቱ ሁሉ የሚበልጥ ነፃነት ነበር፤ ብዙዎቹ ከሚያስተምሯቸው ልጆች ብዙም ያልራቁ፣ ነፍሳትንም የሚፈሩ ወጣቶች ነበሩና።

በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ትምህርቶች መልስ አይሰጡም፤ ይጠይቃሉ። የፖም ትልን እንውሰድ። ትሉ ወደ ፍሬው የገባው በየት በኩል ነው? የገባበት ቀዳዳ ከወጣበት በምን ይለያል? የሚበላው ሥጋውን ነው ወይስ ዘሩን? ፖሙ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ትሉ ወዴት ሄደ? ይህን ለማወቅ ልጁ አንድ ፖም መሰንጠቅ፣ የዛፉንም ቅርፊት ማገላበጥ አለበት። እጩ ብዙውን ጊዜ አበባው በነበረበት ጫፍ በኩል ይገባል፤ እስከ እምብርቱ ሰርስሮ ይበላል፤ ሲጠግብ በጎን በኩል ወጥቶ ቅርፊት ሥር ተሸጉጦ ክረምቱን ያሳልፋል። ይህን ያየ ልጅ ሳያውቀው አንድ ትልቅ የእርሻ ምሥጢር ይዟል፦ መድኃኒት የሚረጨው የአበባው ቅጠል እንደረገፈ፣ የፍሬው ጫፍ ከመዘጋቱ በፊት ነው። አባቱ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ገንዘቡ በከንቱ ይረጫል። የኒው ዮርክ የፖም ገበሬ ከዚህ ዓይነቱ እውቀት ያገኘው ጥቅም እውነተኛ ነበር፤ ልጁን በገጠር ለማቆየት ግን የሚበቃ አልሆነም።

ተረት፣ ምሳሌና ዓይን

ልጆች ስለ ነፍሳት ይጻፉ ሲባል ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ። ልጅ ጉንዳኗን ማናገር ይወዳል፤ ንቧን ንግሥት፣ ሸረሪቷን ሌባ ያደርጋታል። ፈጠራው እውቀቱን ያበላሸዋል ወይስ ያመጣዋል?

ጥያቄው ለግዕዝ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ አዲስ አይደለም። ከግሪክ በቀደመው ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ እንስሳትንና ነፍሳትን ለመንፈሳዊ ትምህርት የሚያቀርብ መጽሐፍ ነው። በዚያ ውስጥ ስለ አንበሳ ጉንዳን የሚነገር ታሪክ አለ፦ አባቱ አንበሳ፣ እናቱ ጉንዳን የሆነ ፍጥረት፤ እንደ አባቱ ሥጋ፣ እንደ እናቱ እህል መብላት ስለማይችል በረኀብ ይሞታል። ምሳሌነቱ ለሁለት ልብ ሰው ነው። ታሪኩ የተወለደው በግሪኩ መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ካለች አንዲት ቃል ነው እንጂ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ ካየ ሰው አይደለም። በኮምስቶክ መጽሐፍ ውስጥም አንበሳ ጉንዳን አለ፤ እዚያ ግን ልጁ የሚታዘዘው በደረቅ አሸዋ ላይ ያለችውን የቁልቁል ሾጣጣ ጉድጓድ ፈልጎ እንዲጠብቅ ነው። ጉንዳን ሲንሸራተት ከሥር ያደፈጠው እጭ አሸዋ እየወረወረ ያዳልጠዋል፤ በመንጋጋውም ይይዘዋል። ያ አስፈሪ እጭ በኋላ ተለውጦ የውኃ ተርብን የሚመስል ባለ ቀጭን ክንፍ በራሪ ይሆናል። እውነቱ ከምሳሌው ይልቅ እንግዳ ነው፤ ለማየት ግን ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል።

ፊሳልጎስን በዚህ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የመጽሐፉ ዓላማ ሰውን ማስተማር ነበር፤ ነፍሳቱ ቋንቋው ናቸው። መጽሐፈ ምሳሌም ታካቹን ወደ ገብረ ጉንዳን ሲልከው ሄዶ እንዲያይ ነው የሚነግረው፤ የሚገርመው ግን ከሰሚው ብዙው ትምህርቱን ይዞ ሳይሄድ መቅረቱ ነው። ላ ፎንቴን በግጥም ያስፋፉት፣ በአማርኛም በጉንዳንና በፌንጣ ስም የሚታወቀው ተረት ዕጣውም ይኸው ነው። ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመልካች ዣን ሄንሪ ፋብር ይህን ተረት በራሱ ጓሮ ፈተነው። ሲካዳ፣ ማለትም በበጋ በዛፍ ላይ ሆኖ ሲያንዛርር የሚውለው ነፍሳት፣ እህል አይበላም፤ እስከ ክረምትም አይቆይምና ከጉንዳን ደጅ ሊለምን አይችልም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ሲካዳው የዛፉን ልጥ በስቶ ፈሳሹን ሲጠጣ፣ ጉንዳኖች ከምንጩ ሊቀምሱ እየተጋፉ ያስቸግሩታል። ለማኟ ጉንዳን ሆነች።

ፋብር ይህን የጻፈው እንደ ሳይንስ ዘገባ ሳይሆን እንደ ታሪክ ነው፤ ኑሮውንም ለረጅም ጊዜ የገፋው ለልጆች በሚጽፋቸው የመማሪያ መጻሕፍት ነበር። ከአቪኞ የመምህርነት ሥራው ከተለየ በኋላ ቤተሰቡን የመገቡት እነዚያ መጻሕፍት ናቸው፤ በነሱም ውስጥ አጎት ጳውሎስ የሚባል ገጸ ባሕርይ ስለ ሰብል አጥፊና ስለ ረዳት ነፍሳት ለልጆች ይተርካል። ከአትላንቲክ ወዲህና ወዲያ አጎት ጳውሎስና አጎት ጆን፤ አንዱ የሚናገር፣ ሌላው ደብዳቤ የሚቀበል።

በአሜሪካም ጉዳዩ አደባባይ ወጣ። በ1903 ጸሐፊው ጆን በሮውዝ የእንስሳትን ታሪክ እያጋነኑ እውነት ነው ብለው የሚሸጡ ደራሲዎችን በጽሑፍ አጠቁ፤ ከተጠቁት አንዱ የተሰበረ እግሯን በጭቃ ስለምትጠግን ወፍ የጻፉ ነበሩ። በ1907 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ ገቡበት። ክርክሩ በጀመረበት በዚያው በ1903 ኮምስቶክ ስለ ነፍሳት የጻፏቸውን ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ አወጡ። በመጨረሻው ታሪክ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ከመሬት በታች ኖሮ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወጥቶ የሚዘምረውን ሲካዳ ባሕታዊና አዝማሪ ብለው ሰየሙት። ስሙ ፈጠራ ነው፤ ቁጥሩ፣ ጨለማውና ዝማሬው ግን እውነት ናቸው። የሳቸው መንገድ ይህ ነበር፦ ምናብ ስም ያውጣ፣ ያነጻጽር፣ ይደነቅ፤ ነፍሳቱ ያላደረገውን ግን አያስደርገው። በ2021 የጸደይ ወራት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በየዛፉ ሥር ያዩት ያንኑ ባለ አሥራ ሰባት ዓመት ሲካዳ ነው፤ ያ ትውልድ የሚመለሰው በ2038 ነው።

በቡሼል የሚለካው

የደብዳቤው ሥርዓት ለምን ደበዘዘ? አንዱ ምክንያት የመጀመሪያው የተስፋ ቃል ራሱ ነው። ለምክር ቤት የተሸጠው ፍልሰትን እንደሚያቆም ነበር፤ ፍልሰቱ ግን አልቆመም፤ ሊቆምም አይችልም ነበር። በ1900 ከአሜሪካ ሠራተኛ 40 በመቶ ግድም በእርሻ ላይ ነበር፤ ዛሬ ከ2 በመቶ በታች ነው። በሐሰተኛ ምክንያት የተወለደ ፕሮግራም በሐሰተኛ መለኪያ ይፈረድበታል።

ሌላው ምክንያት ተፎካካሪ መምጣቱ ነው። ከ1902 ጀምሮ በኦሃዮ፣ ቀጥሎም በደቡቡ ክፍል የልጆች የበቆሎ ክበቦች ተስፋፉ። እዚያ መዋጮው ደብዳቤ ሳይሆን ምርት ነው፦ አንድ ልጅ፣ አንድ ኤከር፣ ስንት ቡሼል? በ1910 አንድ የደቡብ ካሮላይና ልጅ ከአንድ ኤከር ከ228 ቡሼል በላይ በቆሎ አወጣ፤ የአገሩ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ለአንድ ምክር ቤት አባል 228 ቡሼል ይገባዋል። አንዲት ልጅ ስለ ንብ የጻፈችው ደብዳቤ ስንት ነው? የ1914 የስሚዝ-ሌቨር ሕግ የፌዴራሉን ገንዘብ ለእርሻ ኤክስቴንሽን መደበ፤ የ1917 የስሚዝ-ሂውዝ ሕግ ደግሞ ለሙያ ትምህርት። ገንዘቡ በሚለካው በኩል ፈሰሰ። ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም በ1991 በሒሳብ ያሳዩት ነገር ይህን ይመስላል፦ አንድ ሠራተኛ ሁለት ሥራ ሲኖረው፣ አንዱ ብቻ የሚለካና የሚሸለም ከሆነ፣ ያልተለካው ጥሩ ስለሆነ አይተርፍም።

የበቆሎ ክበቦቹን ማናናቅ አይገባም፤ ብዙ ድኻ ቤተሰብ የተሻለ ዘርና አስተራረስ ያወቀው በልጆቹ በኩል ነው። የጠፋውን መቁጠር ግን ከባድ ነው፤ ያልተጻፈ ደብዳቤ አይቆጠርምና።

የኮምስቶክ የራሳቸው ዕጣም በዚሁ ሚዛን ላይ ነበር። በ1898 ኮርኔል ረዳት ፕሮፌሰር ብሎ ሾማቸው፤ ማዕረጉ ለሴት መሰጠቱን ባለአደራዎቹ ስላልወደዱት ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌክቸረርነት ዝቅ አለ። ረዳት ፕሮፌሰርነቱን ዳግመኛ ያገኙት በ1913፣ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱን በ1920 ነው። መጽሐፋቸውን ማንም አሳታሚ አልደፈረውምና የባልና ሚስቱ የራሳቸው ማተሚያ ድርጅት አወጣው፤ ባለቤታቸው ኪሳራ ጠብቀው ነበር። እስከ 1939 ድረስ 24 ጊዜ ታተመ፤ ዛሬም ልጆቻቸውን በቤታቸው የሚያስተምሩ አሜሪካውያን ይገዙታል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና ያልመጣው

ኮርኔል ለገጠር ሥራ የቆመበት መሠረት የላንድ ግራንት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ እውቀቱን ወደ ገበሬው ማድረስ። ይኸው ሥርዓት በአራተኛው ነጥብ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ፤ ቤኔት በ1951 መጨረሻ በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ስምምነቱ በ1952 ተፈረመ። በዚያው ዓመት የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ተከተለ። የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1968 ቆዩ፤ የኤክስቴንሽኑ ሥራ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛውሮ ነበር።

የመጣው ተቋም በ1914ና በ1917 ሕጎች ከተቀረጸ በኋላ የነበረው ነው። ጣቢያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ሠርቶ ማሳያው፣ ወኪሉ ሁሉም ነበሩ። ከነዚያ ሕጎች በፊት የነበረው የአሥርት ዓመት ሙከራ፣ ያየውን ለአጎቱ የሚጽፈው ልጅ፣ በኦክላሆማም በዚያን ጊዜ የተረሳ ነበር። ሰው የሌለውን አያወርስም። ስለዚህ የኢትዮጵያ የኤክስቴንሽን ታሪክ ከጅምሩ እውቀትን ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ቧንቧ ሆነ፤ ከታች ወደ ላይ የሚመጣው የምርት ቁጥር ብቻ ነበር።

ጉድለቱ በሰላሙ ጊዜ አይታይም። በ2019ና በ2020 የበረሃ አንበጣ በገባ ጊዜ ግን ታየ። መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በጋራ ባደረጉት ግምገማ ወደ 200,000 ሄክታር የእርሻ መሬት ተጎድቶ፣ ከ350,000 ቶን በላይ እህል ጠፍቶ ተገኘ። አንበጣን የሚከላከለው አውሮፕላን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው በበረሃው ጫፍ ቆሞ ያየውን በትክክል መጻፍ አለበት። በ2020 ያንኑ ለማቅለል ማንም ሰው በስልኩ የሚልክበት መተግበሪያ ተዘጋጀ። መተግበሪያው ቅጹን ይሰጣል፤ ዓይኑን አይሰጥም።

የሚገርመው ቋንቋው መዘጋጀቱ ነው። የአማርኛው ትንቢተ ኢዩኤል አጥፊዎቹን በአንድ ስም አይጠቀልላቸውም፤ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ እያለ ይለያቸዋል። ኩብኩባ፣ ክንፍ ያላወጣውና በመሬት የሚዘምተው፣ ለመቆጣጠር ምርጡ ጊዜ ነው፤ ገና አይበርምና። ይህን ቃል በአዲስ አበባም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ልጅ ያውቀዋል?

ቅጹ የሚጠይቃቸው ነገሮች ከኮምስቶክ ጥያቄዎች ጋር ወንድማማች ናቸው። የት ታየ? መቼ? ኩብኩባ ነው ወይስ ክንፍ ያወጣ? መሬቱ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? መንጋው ወዴት ያመራል? ቀለሙስ? ክንፍ ያወጣው አንበጣ ሮዝ ከሆነ ገና አልበሰለም፤ ተነሥቶ ሩቅ ይሄዳል። ቢጫ ከሆነ ለአቅመ መራባት ደርሷል፤ እዚያው እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንቁላሉን ሊጥል ነው፤ ከሳምንታት በኋላም ከዚያው መሬት ኩብኩባ ይወጣል።